የጥድ ግንድ የያዘውን የዝናብ መዝገብ ገበሬ ማኅበራት ሊጠቀሙበት ይገባል

በደጋው አገራችን አንድ ያረጀ ጥድ በነፋስ ሲወድቅ ወይም ለቤት ሥራ ሲቆረጥ ጉቶውን ልብ ብሎ የተመለከተ ሰው፣ ከመሐሉ እምብርት ጀምሮ እስከ ቅርፊቱ ድረስ አንዱ አንዱን የከበበ ብዙ መስመር ያገኛል። አንዳንዱ መስመር ሰፋ ያለ ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ እንደ ክር የቀጠነ ነው። ገበሬው ይህን ሲያይ የኖረ ቢሆንም በአብዛኛው የእንጨት ጌጥ አድርጎ ነው የሚቆጥረው። እነዚህ የዕድገት ቀለበቶች ግን ዛፉ በየዓመቱ ያገኘው ዝናብና የደረሰበት ድርቅ የተጻፈባቸው ናቸው። በአብዛኛዎቹ ወረዳዎቻችን የዝናብ መለኪያ ከተተከለ ገና ጥቂት አሥርተ ዓመታት ቢሆነው ነው። በተራራው ላይ የቆመው ጥድ ግን ከመለኪያው በፊት ብዙ ትውልድ የኖረ በመሆኑ ማንም ያልመዘገበውን ክረምት መዝግቦ ይዟል።

ይህ ዓምድ ዛሬ ስለዚህ ጉዳይ ለገበሬ ማኅበራት መሪዎች መጻፍን የመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። በየቀበሌው ስንት ኩንታል እህል በመጠባበቂያ ይቀመጥ፣ የትኛው ተራራ ከግጦሽ ይከለል፣ ችግኙ ተተክሎ ስንት ዓመት ይጠበቅ የሚለውን የሚወስኑት እነዚሁ መሪዎች ናቸው። ውሳኔያቸውም በአብዛኛው የሚመሠረተው በቅርብ ዓመታት ትዝታ ላይ ነው። ሦስት ክረምት ተከታትሎ የጠገበ ከሆነ ጎተራው ይዘነጋል፤ አንድ ክረምት ከከዳ ደግሞ ሁሉም ይደናገጣል። ሁለት መቶ ዓመት ያየ ምስክር ካለ ቃሉን መስማት ተገቢ ነው።

የቀለበቱ አሠራር አስቸጋሪ አይደለም። ክረምቱ ገብቶ አፈሩ ሲርስ ዛፉ ከቅርፊቱ ሥር አዲስ እንጨት መሥራት ይጀምራል። በዝናቡ ወቅት የሚሠራው እንጨት ሰፋፊ ቀዳዳዎችና ስስ ግድግዳዎች ስላሉት ቀለሙ ነጣ ይላል። ዝናቡ ወደ መውጣቱ ሲቃረብ ቀዳዳዎቹ ይጠባሉ፣ ግድግዳቸው ይወፍራል፣ እንጨቱም ይጠቁራል። በጋው ሲጠና ዕድገቱ ይቆማል። በሚቀጥለው ክረምት ሥራው እንደገና ስለሚጀመር አንድ ነጣ ያለና አንድ ጠቆር ያለ ክበብ ተደምረው አንድ ዓመት ይሆናሉ። ዝናቡ በበቂ በዘነበበት ዓመት ክበቡ ይሰፋል፤ ዝናቡ በዘገየበት ወይም ቶሎ በወጣበት ዓመት ይቀጥናል።

ይሁን እንጂ ማንም ሰው አንድ ጉቶ ቆጥሮ የአገሩን የዝናብ ታሪክ አወቅሁ ሊል አይችልም። በልግና ክረምት ተለያይተው በሚዘንቡበት አካባቢ አንዱ ዛፍ በአንድ ዓመት ሁለት ክበብ ሊሠራ ይችላል። እጅግ ደረቅ በሆነ ዓመት ደግሞ በግንዱ በአንዱ ጎን ክበብ ሠርቶ በሌላው ጎን ጭራሽ ሳይሠራ ሊቀር ይችላል። ጎረቤቱ ዛፍ ተቆርጦ ብርሃንና ውሃ ያገኘ ጥድ ዝናቡ ባይጨምርም ክበቡን ያሰፋል፤ እሳት የገረፈው ወይም ቅርንጫፉ የተመለመለ ደግሞ ዝናብ ሳይጎድልበት ይቀጥናል። ስለዚህ ባለሙያዎቹ የሚሠሩት በብዙ ዛፍ ነው። የአንዱን ዛፍ ሰፊና ቀጭን ክበብ ቅደም ተከተል ከሌላው ጋር ያስተያያሉ፤ በሁሉም ላይ በአንድ ዓመት የሚገኘው ቅጥነት የአየሩ ሥራ ነው፣ በአንዱ ላይ ብቻ የሚታየው ግን የዚያው ዛፍ ጉዳይ ነው ብለው ይለያሉ። ይህን ዘዴ በወግ ያደራጀው አንድሩ ዳግላስ የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ፈለክ ሊቅ ሲሆን በ1937 እ.ኤ.አ. በአሪዞና ዩኒቨርሲቲ የዛፍ ቀለበት ምርምር ተቋም አቁሟል። ለናሙናም ዛፍ መቁረጥ አያስፈልግም። እንደ እርሳስ የቀጠነ እንጨት በመሰርሰሪያ ከግንዱ ይወጣል፤ ዛፉም ይተርፋል። አንዳንድ ገበሬ ባለሙያ መሰርሰሪያ ይዞ ሲመጣ ዛፉን ሊያደርቅ መጣ ብሎ መጠራጠሩ አይቀርም፤ የማኅበሩ መሪ ይህን አስቀድሞ ቢያስረዳ ጥሩ ነው።

በሰሜን ኢትዮጵያ የበቀሉ ጥዶችን በዚህ ዘዴ የመረመሩት ሙሉጌታ ሞክሪያ፣ አስተር ገብረኪርስቶስና የሥራ ባልደረቦቻቸው በ2017 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጥናት ለገበሬው እጅግ ጠቃሚ የሆነ ውጤት ይዟል። ተመራማሪዎቹ የክረምቱን ዝናብ ሁኔታ ወደ ኋላ እስከ 1811 እ.ኤ.አ.፣ ማለትም በእኛ አቆጣጠር እስከ 1803 ዓ.ም. ገደማ ድረስ መልሰው አስልተዋል። በዚህ ሁሉ ዘመን ውስጥ ደረቅ ዓመት በአማካይ በየ4.1 ዓመቱ፣ እጅግ ደረቅ ዓመት ደግሞ በየ8.8 ዓመቱ ተመላልሷል። ከደረቁ ጊዜያት መካከል 78 ከመቶ ያህሉ፣ እጅግ ደረቅ ከሆኑት ውስጥ ደግሞ 95 ከመቶው የቆዩት አንድ ዓመት ብቻ ነው። በሌላ በኩል ዝናቡ ከመደበኛው በታች ሆኖ እስከ 7 ዓመት የተከታተለበት ጊዜም ታይቷል። ከዛፎቹ የተነበቡት የድርቅና የጎርፍ ዓመታት በታሪክ ከተመዘገቡት የረኃብና የመጥለቅለቅ ዘመናት ጋር የሚገጣጠሙ መሆናቸው የመዝገቡን እውነተኛነት ያጠናክራል። ጥናቱ በላይኛው የዓባይ ተፋሰስ እጅግ ደረቅ ዓመታት እየተደጋገሙ መምጣታቸውንም አመልክቷል።

እነዚህ ቁጥሮች ለመሪዎቻችን ምን ይነግራሉ? በመጀመሪያ፣ ድርቅ ሳይታሰብ የሚመጣ እንግዳ ሳይሆን በአንድ ልጅ ዕድሜ ውስጥ ደጋግሞ ደጁን የሚያንኳኳ መሆኑን ነው። በየአራት ዓመቱ ገደማ ለሚመለስ ነገር በየዓመቱ ዝግጅት ሊኖር ይገባል። ሁለተኛ፣ አብዛኛው ድርቅ በአንድ ዓመት የሚያልፍ በመሆኑ ለአንድ ክረምት የሚበቃ የዘር፣ የእህልና የመኖ መጠባበቂያ ያለው ቀበሌ ከአብዛኛው ክፉ ጊዜ ከብቱን ሳይሸጥ፣ በሬውን ሳያርድ ሊወጣ ይችላል ማለት ነው። የዘሩ ጉዳይ በተለይ ሊጠበቅ ይገባል። ዘሩን የበላ ገበሬ የሚቀጥለው ክረምት ቢጠግብም እንኳ የሚዘራው ስለማይኖረው የአንዱን ዓመት ድርቅ በገዛ እጁ ሁለት ዓመት ያደርገዋል።

እዚህ ላይ አንድ ስሕተት እንዳይፈጸም ማሳሰብ ያስፈልጋል። 4.1 አማካይ ነው እንጂ ቀጠሮ አይደለም። ዘንድሮ ደረቅ ነበርና ለሦስት ዓመት ዕረፍት አለን ብሎ ጎተራን ማራገፍ ቁጥሩን አለመረዳት ነው፤ ሁለት ደረቅ ዓመት ሊከታተል፣ ለስምንት ዓመትም ሊጠግብ ይችላል። እንዲሁም በሩቁ በፓስፊክ ውቅያኖስ የውሃው መሞቅ ኤልኒኖ የሚባለውን ሲያስከትል የእኛ ክረምት እንደሚጎዳ በሬዲዮ ደጋግሞ ይሰማል። እውነት ነው፤ በ2007 ዓ.ም. ክረምት የደረሰው ድርቅ ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነበር። ነገር ግን ከዛፎቹ የተነበቡት እጅግ ደረቅ ዓመታት ከኤልኒኖ ጋር የገጠሙት 38.5 ከመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው። እንግዲህ ኤልኒኖ የለም ተብሎ የተነገረበት ዓመት ድርቅ የሌለበት ዓመት ነው ማለት አይደለም። ሬዲዮው የሚለው ይሰማ፣ ጎተራው ግን በሬዲዮ አይለካ።

ያለፈውን ያየ ሽማግሌ ይህን ለመቀበል አይቸገርም። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የነበረው ክፉ ቀን የከብት እልቂት ከዝናብ መጥፋት ጋር ተደርቦ ያመጣው ነው። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎና ትግራይ የተጎዱበትን፣ የ1976 ዓ.ም. ክረምት ከድቶ በ1977 ዓ.ም. የሆነውን መዘርዘር አያሻም። በእያንዳንዱ ጊዜ ዝናቡ ብቻ አልነበረም ሰውን የጎዳው፤ ጦርነትም፣ የእርዳታ መዘግየትም፣ የጎተራ ባዶነትም ነበረበት። ጥዱ የሚመዘግበው የዝናቡን ድርሻ ብቻ ነው። የቀረው የሰው ድርሻ ነው።

አሁን ደግሞ ከዝናቡ ሌላ ሙቀቱ ተጨምሯል። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 2006 ባለው ጊዜ የአገራችን አማካይ ሙቀት በ1.3 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከፍ ብሏል። ቁጥሩ ትንሽ ይምሰል እንጂ ለዛፍ ትንሽ አይደለም። አየሩ በሞቀ መጠን ከአፈሩና ከቅጠሉ የሚተነው ውሃ ስለሚበዛ፣ ዱሮ ለአንድ ሰፊ ክበብ ይበቃ የነበረው ያው ዝናብ ዛሬ አይበቃም። በተራራ ላይ የሚያድግ ደን ይህን የሚቀበለው እንደ ከፍታው ነው። በተራራው ግርጌ፣ ጥድና ወይራ ከቆላው ጋር በሚዋሰኑበት፣ ዛፉን የሚገታው የውሃ ማነስ ነው፤ ሙቀት ሲጨመር ክበቡ ይቀጥናል፣ ብዙ ዓመት ከተከታተለም ዛፉ ከነቁመቱ ይደርቃል። በትግራይና በአፋር መካከል ባለው ገደል አፋፍ ላይ በሚገኘው የደስአ ደን የታየው ይኸው ነው። ቆመው የደረቁ ጥዶችና ወይራዎች በብዛት የተገኙት በዝቅተኛው ከፍታ ላይ ነው።

ወደ ላይ ሲወጣ ግን ነገሩ ይለወጣል። ከ3,000 ሜትር በላይ፣ አስታው ከጅብራው ጋር በሚገናኝበት፣ ዛፉን ወደ ላይ እንዳይወጣ የሚይዘው ብርድና ውርጭ ነው። እዚያ የሙቀት መጨመር ለዛፉ መንገድ ሊከፍትለት ይችላል። እንግዲህ ደኑ ከታች እየደረቀ ከላይ እየበቀለ ወደ ተራራው ራስ ይሸሻል ተብሎ ይገመት ይሆናል። ይህ የሚሆነው ግን ከላይ ቦታ ሲያገኝ ነው። በስሜንና በላስታ ተራሮች የአስታውን ወሰን የተከታተሉ ጥናቶች እንዳሳዩት የዛፉን ከፍታ የሚወስነው ሙቀት ብቻ ሳይሆን ምሳር፣ እሳትና የከብት ሰኮና ጭምር ነው። በ2011 ዓ.ም. በመጋቢትና በሚያዝያ በስሜን ተራሮች የተነሣው እሳት ሣሩን ብቻ ሳይሆን አስታውንም በልቷል። የተራራው ራስ ደግሞ ጠባብ ነው፤ ከዚያ በላይ መሸሻ የለም። ከተራራው ግርጌ ያለው ምንጭ የሚመነጨው በዚያው ደን ሥር ከሰረገው ውሃ ስለሆነ፣ ከላይ ያለው ደን የላይኛው ቀበሌ ብቻ ነው ብሎ የታችኛው ቀበሌ ሊተወው አይገባም።

ዛፍ በድርቅ መጎዳቱ በራሱ ደኑን አያጠፋም። ጥድ ብዙ ድርቅ ያለፈ ዛፍ ነው፤ ግንዱ ላይ ያሉት ቀጫጭን ክበቦች ሁሉ እኮ አልፎ የኖረባቸው ክፉ ዓመታት ናቸው። ደኑን የሚያጠፋው ያረጀው ሲሞት የሚተካው ወጣት አለመኖሩ ነው። ዛሬ በብዙ ተራሮቻችን የሚታየው ሽማግሌ ዛፍ ብቻ የቆመበት፣ ከሥሩ አንድም የጣት ውፍረት ያለው ችግኝ የሌለበት ደን ነው። ምክንያቱም ከሜዳ ሩቅ አይደለም። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር በ28 አብያተ ክርስቲያናት ደኖች ባካሄዱት ጥናት 168 ዓይነት ዛፍና ቁጥቋጦ ቆጥረዋል። ይህን ያህል ሀብት በጠባብ ቅጽር ውስጥ መትረፉ ለካህናቱና ለምእመናኑ የሚያስመሰግን ነው። ከብት እንዳይገባ በታጠረው ክፍልና ባልታጠረው መካከል በተደረገው ማወዳደርም ችግኝ በቅሎ እንዲጸና የከብቱ መከልከል ወሳኝ ሆኖ ተገኝቷል። ዘሩ አለ፣ አፈሩም አለ፤ የሚጎድለው ለጥቂት ዓመት ከአፍና ከሰኮና መጠበቅ ነው።

ስንት ዓመት? እዚህ ላይ የዛፉ መዝገብ እንደገና ይጠቅመናል። አንድ የጥድ ችግኝ ሥሩን አጥልቆ በጋውን በራሱ መቋቋም እስኪችል ሦስት ዓመት ይፈልጋል ብንል፣ ደረቅ ዓመት ደግሞ በአማካይ በአራት ዓመት አንዴ የሚመጣ ከሆነ፣ ከሦስቱ ዓመታት ቢያንስ አንዱ ደረቅ የመሆኑ ዕድል ከግማሽ በላይ ነው። ይህ ተራ ሒሳብ ነው። ስለዚህ በሐምሌ ተክሎ በመስከረም ዘወር ማለት ችግኙን ለድርቅ አሳልፎ መስጠት ነው። ማንኛውም ማኅበር የተከላ ዕቅድ ሲያወጣ ቢያንስ ለሦስት በጋ የሚበቃ የጥበቃ ዕቅድ አብሮ ማውጣት፣ የሞተውን ችግኝ የሚተካ ተጨማሪ ችግኝም በችግኝ ጣቢያው ማስቀረት አለበት። የአረንጓዴ ዐሻራ ዘመቻ በ2011 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በየክረምቱ የተተከለው ቁጥር ሲነገር ሰምተናል። የተተከለውን መቁጠር ቀላል ነው፤ በሪፖርት ላይም ያምራል። በዚህ ዓምድ አስተያየት የወረዳ ባለሥልጣኖች ከማኅበር መሪ መጠየቅ ያለባቸው ግን በሦስተኛው ዓመት ሰኔ ላይ ቆሞ የተገኘውን ነው።

ልቅ ግጦሽን ስለማስቆም ሲነገር የገበሬው ጥያቄ ታውቋል፤ «ከብቴን ምን ላብላው?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በግዳጅና በቅጣት ብቻም አይመለስም። ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ የተከለለ ተራራ ሣሩ በጥቂት ክረምት እንደሚያገግም በብዙ ቦታ ታይቷል። ሣሩን በተራ እያጨዱ ለከብት መስጠት ይቻላል። ቁም ነገሩ ማን፣ መቼ፣ ስንት ሸክም ያጭዳል የሚለው በጉባኤ ተወስኖ በመተዳደሪያ ደንብ መጻፉ ነው። የአቅመ ደካማውና የባልቴቷ ድርሻ አስቀድሞ ካልተለየ የተከለለው ተራራ በጉልበተኛ እጅ ይወድቃል፤ ሣር ያላገኘ ሰው ደግሞ በሌሊት ከብቱን ቢለቅ ሊያስገርም አይገባም።

ባሕር ዛፍን በሚመለከት ይህ ዓምድ የባሕር ዛፍ ጠላት አይደለም። ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ባሕር ዛፍ ባይኖር ኖሮ ያሉት ጥቂት ጥዶችም ባልተረፉ ነበር። ግን ቦታው የጓሮና የእርሻ ዳር ነው፤ በምንጭ ራስና በተራራ ደን ውስጥ የሀገር በቀሉን ቦታ ሊይዝ አይገባም።

ሌላው ጉዳይ የባለቤትነት ጉዳይ ነው። በ1970ዎቹ ዓ.ም. በዘመቻ የለሙ ብዙ ደኖችና እርከኖች በ1983 ዓ.ም. በመንግሥት ለውጥ ጊዜ በጥቂት ወራት ውስጥ ተጨፍጭፈዋል፣ ፈርሰዋል። ተካዩ ራሱ ነበር ቆራጩ፤ ምክንያቱም ደኑን የመንግሥት እንጂ የራሱ አድርጎ አልቆጠረውም ነበር። ዛሬ የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065/2010 ከመንግሥትና ከግል ደን ሌላ የማኅበረሰብና የማኅበር ደንን በባለቤትነት ያውቃል። ይህ ሕግ ወረቀት ላይ መኖሩ ብቻ በቂ አይደለም። ማኅበሩ የሚጠብቀው ደን ወሰኑ ተለክቶ በስሙ ሊመዘገብለት ይገባል። መሪዎች ከወረዳው ጽሕፈት ቤት ይህን ሳይሰለቹ መጠየቅ አለባቸው፤ ያልተመዘገበ ደን ሹም በተለወጠ ቁጥር ባለቤቱም የሚለወጥ ነውና። ወሰኑ ሲለካም ያረጁት ጥዶች ተቆጥረው ይመዝገቡ፤ በጥቂት ብር ለሳንቃ የሚሸጥ የሁለት መቶ ዓመት ጥድ በገንዘቡ ተመልሶ አይገዛም።

በነፋስ ወይም በዕድሜ የወደቀ ጥድ ግን ተፈልጦ ማገዶ ከመሆኑ በፊት አንድ አገልግሎት ሊሰጥ ይችላል። ከግንዱ በታችኛው ክፍል አምስት ሴንቲሜትር ያህል ውፍረት ያለው ክብ ቁራጭ ቅርፊቱ ሳይነሣ በመጋዝ ተቆርጦ በጥላ ይድረቅ፤ ፀሐይ ላይ ከተጣለ ይሰነጠቃል። በጀርባውም ዛፉ የቆመበት ቦታና ጎጥ፣ ከዳገቱ በላይ ወይስ በታች እንደነበር፣ የወደቀበትም ቀን፣ ወርና ዓመት በማይለቅ ቀለም ይጻፍበት። ከዚያም ለወረዳው የደን ባለሙያ ቢነገር ባለሙያው ለምርምር ተቋማት ሊያደርሰው ይችላል። ቀኑ በተለይ እንዳይረሳ፤ ቆጠራው የሚጀመረው ከቅርፊቱ ሥር ካለው የመጨረሻ ክበብ በመሆኑ ዛፉ የወደቀበት ዓመት ካልታወቀ ባለሙያው ክበቦቹን ቢቆጥርም የየትኛው ዓመት እንደሆኑ ለማወቅ ከሌሎች ዛፎች ጋር እስኪያስተያይ ድረስ ይቸገራል።